ከአዳማ ጅቡቲ ሰንጋ በባቡር፦ ከሐዲድ ዳር የሚሠራው በረት ምን ዓይነት መሆን አለበት?

ጥያቄ፦ «አዳማ ዙሪያ ሰንጋ የምናደልብ አምስት ሰዎች ነን። ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቅ 2 ሄክታር ቦታ በሊዝ የማግኘት ዕድል አለን። ትልቅ በረት ሠርተን ከቦረናም፣ ከአርሲም፣ ከሐረርጌም የሚመጣውን ከብት እዚያ ልንሰበስብ፣ እዚያው እያደለብንና እየሸጥን የቀረውን በባቡር ወደ ጅቡቲ ልንልክ አስበናል። በመኪና ስንልክ ከብቱ ይከሳል፣ እግሩ ይሰበራል፣ የሚሞትም አለ። አሜሪካኖች ቺካጎ ላይ በዚህ ሥራ ነው የከበሩት ይባላል፤ በድሮው ባቡርም ከብት ይጫን ነበር ይሉናል። በአንድ ጊዜ 350 ሰንጋ ለማሳደር ስንት ካሬ ሜትር ያስፈልጋል? መሀል መንገድ ላይስ፣ ድሬዳዋ፣ ማሳረፊያ መሥራት የለብንም ወይ?»

መልስ፦ በአንድ አጥር ውስጥ ማድለቢያ፣ ገበያ እና መጫኛ ታስቧል። ከሦስቱ ከሐዲድ ዳር መሆን የሚገባው መጫኛው ብቻ ነው። ሦስቱ አንድ ግቢ ከገቡ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው መጫኛው ነው፤ ምክንያቱን እየዘረዘርኩ እሄዳለሁ። ለ350 ሰንጋ መጫኛ ከመኖና ከውኃ ቦታው፣ ከመኪና መዞሪያው ጋር 4,000 ካሬ ሜትር ይበቃል። 2 ሄክታር የዚህ አምስት እጥፍ ነው። የተረፈው ቦታ ባዶ ስለሚሆን «እዚህ ደግሞ እናድልብ» የሚለውን ሐሳብ የሚጠራው እሱ ነው፤ ስለዚህ ጊዜው ደርሶ ስትጠይቁ ትንሽ ቦታ ጠይቁ።

የቺካጎው ታሪክ እውነት ቢሆንም ለእናንተ ጉዳይ ትክክለኛ ምሳሌ አይደለም። የቺካጎው ዩኒየን ስቶክያርድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1865 በገና ዕለት ነው። ዘጠኝ የባቡር ኩባንያዎች በየፊናቸው የነበሯቸውን ትናንሽ በረቶች ትተው በአንድነት ያቆሙት ነበር። ገበያ ሊሆን የቻለው ቄራዎቹ አጠገቡ ስለነበሩ ነው። ከብቱ ከምዕራብ በፉርጎ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ይሸጣል፣ አብዛኛው በቀናት ውስጥ እዚያው ይታረዳል። የሚታረድ ከብት ከሌላ መንጋ በሽታ ቢይዝ እንኳ ጉዳቱ በዚያ ያበቃል። የእናንተ ሰንጋ ግን በሕይወቱ ባሕር ተሻግሮ የሌላ አገር ሐኪም ፊት ይቆማል። ገበያ ማለት ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ከብት ከሚታወቀው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቺካጎን በመጨረሻ ያዳከሙት ሁለት ነገሮች መሆናቸውንም ልብ በሉ። አንደኛው ቄራው ራሱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ማድለቢያዎቹ መጠጋቱ ነው፤ ከብቱን ሳይሆን ሥጋውን ማጓጓዝ ረከሰ። ሁለተኛው ከማድለቢያው ደጅ ጭኖ ቄራው ደጅ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1971 ተዘጋ። ሁለቱም ተፎካካሪዎች ዛሬ አጠገባችሁ አሉ፤ ሞጆና ቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች አሏቸው፣ የጅቡቲው አስፋልትም በደጃችሁ ያልፋል።

ከአሜሪካ የሚወሰድ ትምህርት ካለ የማሳረፊያው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ወጥቶ በ1906 የተሻሻለው ሕግ ከብት ከ28 ሰዓት በላይ ሳይራገፍ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ እንዳይጓዝ ይከለክላል። ባለንብረቱ በጽሑፍ ከጠየቀ እስከ 36 ሰዓት ይራዘማል። ሲራገፍም ቢያንስ 5 ሰዓት ማረፍ አለበት። በመስመሩ ሁሉ የተደረደሩት የማሳረፊያ በረቶች የቆሙት በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። እንግዲህ የእናንተን ጉዞ በዚህ ለኩት። ከአዳማ እስከ ጅቡቲ በአዲሱ መስመር 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጭነት ባቡር እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄድ ቢሠራም፣ መቆሚያው ሁሉ ተደምሮ አማካዩ 45 ቢሆን ጉዞው 14 ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ለዚህ መሀል መንገድ ላይ ማሳረፍ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ሰንጋ ብዙ የሚቆስለውና እግሩ የሚሰበረው ቀጥ ባለው ጉዞ ላይ ሳይሆን ሲጫንና ሲራገፍ ነው። ድሬዳዋ ላይ አራግፎ መልሶ መጫን ያንን አደጋ በእጥፍ ያሳድገዋል።

ድሬዳዋ ላይ የሚያስፈልገው የአደጋ ጊዜ ማራገፊያ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ይሆናል። በነጠላ ሐዲድ ላይ አንዱ ባቡር ጣቢያ ገብቶ ሌላው እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ አንድ ባቡር ቢበላሽ ሌሎቹም በየጣቢያው ይቆማሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከብቱን የሚያወርዱበት ራምፕ (ከብት የሚወጣበትና የሚወርድበት ተዳፋት)፣ ውኃና አጥር ያለበት ቦታ ድሬዳዋ ላይ በስምምነት መያዝ አለበት። ከባቡር ድርጅቱ ጋር በምትፈርሙት ውል ውስጥ «ባቡሩ ከዚህ ሰዓት በላይ ከቆመ ፉርጎዎቹ ተቆርጠው ወደ ማራገፊያው ይገባሉ» የሚል አንቀጽ ይግባ። እኔ ሰዓቱን 6 አድርጉት እላለሁ፤ በቆላ ቀን ከሆነ ደግሞ 3። ቁጥሩ ለምን እንዲህ አነሰ ለምትሉኝ፣ ሙቀቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

የድሮው ባቡር ጉዳይ አጭር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዩ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይቆምም፣ የድሮው ለገሃርም ከአዲሱ መስመር ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ከድሮው የሚወረስ ቦታም ዕቃም የለም። ከዚህ የበለጠው ልዩነት አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ መሆኑ ነው። ከፉርጎው በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። ሽቦውን መንካት ቀርቶ መቅረቡ ብቻ ይገድላል። የከብት ጫኞች ልማድ ደግሞ የፉርጎ ግድግዳ ላይ ወጥቶ በረጅም እንጨትና በብረት ዘንግ ከላይ መንዳት፣ ሸራ መወጠር፣ በጎማ ውኃ መርጨት ነው። በዚህ ሽቦ ሥር አንዱም አይሞከርም። ስለሆነም የከብት መጫኛ ሐዲድ ሽቦ የሌለው፣ ፉርጎውን በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ገፍተው የሚያስገቡበት ቅጥያ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቅጥያ የማይፈቀድበት ቦታ ላይ መሬት አትያዙ። የሊዙን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ፉርጎው ነው። በረት የሚለካው ከፉርጎ ተነሥቶ ስለሆነ «ስንት ካሬ ሜትር?» የሚለው መልስ ከዚያ ይወጣል። የፉርጎው ወለል ውስጡ 15 ሜትር በ2.8 ሜትር ቢሆን 42 ካሬ ይሆናል። 350 ኪሎ ለሚመዝን ሰንጋ 1.2 ካሬ ስጡት፤ 35 ከብት ይገባል። ከዚህ በታች ካጨናነቃችሁ የወደቀው አይነሣም፣ ሌሎቹ ይረግጡታል። በጣም ካላላችሁም ባቡሩ ሲነሣና ሲቆም እየተንገላቱ ይወድቃሉ። ወለሉን መሀል ላይ በተንቀሳቃሽ መዝጊያ ለሁለት ክፈሉት፤ አንድ ቢወድቅ የሚጋፋው ግማሹ ብቻ ይሆናል። 350 ሰንጋ ማለት እንግዲህ 10 ፉርጎ ነው።

ክብደቱን እስቲ አስሉ። 35 ሰንጋ በ350 ኪሎ 12 ቶን ከሩብ ነው። ዘመናዊ የዕቃ ፉርጎ 60 ቶንና ከዚያ በላይ ይሸከማል። ለባቡር ድርጅት ከብት ፉርጎውን የሚሞላ፣ ሚዛኑን ግን አምስት እጅ የሚያቀልል ጭነት ነው። ስለዚህ በቶን አስከፍሉን ብትሉ አይዋጣለትም፤ በፉርጎ ነው የሚያስከፍላችሁ። ፉርጎው በአብዛኛው ባዶውን ስለሚመለስም የመመለሻው ወጪ በናንተ ላይ ይታሰባል። ሒሳቡን ከመኪና ኪራይ ጋር ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ፤ ብዙ ሰው «ባቡር ርካሽ ነው» የሚለው በሲሚንቶና በኮንቴይነር ለክቶ ነው። በድርድሩ የሚያዋጣው 10 ፉርጎ ብቻውን የሚጎትት ባቡር መጠየቅ ሳይሆን፣ ፉርጎዎቹን መደበኛ የኮንቴይነር ባቡር ላይ መቀጠል ነው። ስትቀጥሉም ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ይሁን። ረጅም ባቡር ሲነሣና ሲይዝ የመጋጠሚያው ላላነት እየተደመረ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ጅራቱ ላይ ያለው ፉርጎ በኃይል ይመታል። ፊት ያለው ግን ብዙ አይናጥም፤ ችግር ሲመጣም ተቆርጦ ለመውጣት ይቀላል።

ዝግ የዕቃ ፉርጎ ወይም ኮንቴይነር ለከብት እንጠቀም የሚላችሁን አትስሙ። አንድ ሰንጋ ቆሞ ብቻ ግማሽ ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። 35ቱ አንድ ላይ አምስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዶ በር እንደተዘጋበት ክፍል ይሆናሉ። ግድግዳው ከወገብ በላይ ፍርግርግ፣ ጣሪያው ጥላ ያለው መሆን አለበት። እንዲያም ሆኖ አየር የሚገባው ባቡሩ ሲሄድ ነው። ከብት በፉርጎ ውስጥ በሙቀት የሚሞተው ባቡሩ ሲቆም ነው፤ ከላይ ያልኩት የ3 ሰዓት ገደብ ከዚህ የመጣ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጅቡቲ ግን ባሕሩ ዳር ነው፣ በበጋቸው ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከአዳማ ከቀኑ 9 ሰዓት የተነሣ ባቡር አዋሽንና ሚኤሶን በምሽት፣ ደወሌን በውድቅት አልፎ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ማለዳ የተነሣ ግን ቆላውን በፀሐይ ያቋርጣል። የመነሻ ሰዓቱ እንግዲህ እንደ ዋጋው ሁሉ በውሉ ውስጥ መጻፍ ያለበት ነው።

አሁን ወደ በረቱ እንምጣ። መመሪያው አንድ ነው፦ አንድ ክፍል የአንድ ፉርጎ ጭነት ይያዝ። ለአንድ ሌሊት የሚያድር ሰንጋ ተኝቶ እንዲያመሰኳ 3 ካሬ ሜትር ይስጡት፤ 35ቱ 105 ካሬ፣ ማለትም 7 ሜትር በ15 ሜትር ክፍል ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ክፍል 10 ይሠራ፤ አንድ መለዋወጫ፣ አንድ ደግሞ ከሌሎቹ የተለየና ውኃው ወደ ሌላው የማይወርድ የበሽተኛ ክፍል ይጨመር። ከብቱ ከማድለቢያው በወጣበት ምድብ ክፍሉ ይገባል፣ በዚያው ምድብ ፉርጎው ይገባል። ሰንጋ ብንልም በጅቡቲ በኩል የሚፈለጉት ያልተኮላሹ ኮርማዎች ስለሆኑ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የማይተዋወቁ ኮርማዎች አንድ ክፍል ከገቡ ሌሊቱን ሲዋጉና ሲፈናጠጡ ያድራሉ። ጠዋት የምታገኙት የቆሰለ ጎን፣ ያበጠ ጉልበትና የደከመ መንጋ ነው። የአምስታችሁን ከብት በክብደት ለማስተካከል ብላችሁ በመጨረሻው ቀን አታቀላቅሉ። ማስተካከል ካስፈለገ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ማድለቢያው ላይ ይሁን።

አጥሩ ለቦረና ከብት 1.8 ሜትር ይድረስ፤ 1.5 ሜትር የሚበቃው ለገራም ከብት ነው። ምሰሶው ቱቦላሬ ወይም የድሮ ሐዲድ ይሁን። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሥሩ በሽንትና በእበት ርጥበት ፈጥኖ ይበሰብሳል፣ አንድ ኮርማ ሲደገፍበትም ይሰበራል። መሀል መተላለፊያው 3 ሜትር፣ የየክፍሉ በርም 3 ሜትር ሆኖ ሲከፈት መተላለፊያውን ሙሉ ለሙሉ እንዲዘጋ ይሠራ። እንዲህ ከሆነ ከብቱ የሚሄድበት አንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ሁለት ሰው ብቻ ሳይጮህ ይነዳዋል። ወለሉ ሸካራ ኮንክሪት ሆኖ በየሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ወደ ፍሳሹ ያዘንብል። የአዳማ ሬድ አሽ ለመሠረቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ ውኃ ያሳልፋል። ከላይ ግን አታፍሱት፤ ሹል ድንጋዩ በሰኮናው መሀል ገብቶ ከብቱን ያነክሰዋል።

ውኃ ለ350 ሰንጋ በቀን 45 ሊትር ቢታሰብ 15,750 ሊትር ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ከሰቀላችሁ ለሁለት ቀን ጥቂት ይጎድለዋል፤ ባቡሩ ቢዘገይ ያ ነው የሚያድናችሁ። የቦቴ ውልም ይኑራችሁ። የስምጥ ሸለቆው ውኃ ፍሎራይድ አለው እያላችሁ አትጨነቁ፤ ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ለወራትና ለዓመታት ሲጠጣ ነው፣ ለአንድ ሌሊት ምንም አያመጣም። የሚጎዳው ፀሐይ ላይ የዋለ ትኩስ ውኃ ነው፤ ከብቱ አይጠጣውም። ሮቶውንም ገንዳውንም ጥላ ሥር አድርጉ። በየክፍሉ 2.5 ሜትር ገንዳ ይበቃል፤ ሁለት ክፍል አንድ ገንዳ አይጋራ።

መኖው ድርቆሽ ብቻ ነው፣ በነፍስ ወከፍ 6 ኪሎ ገደማ። ለ350 ይህ 2,100 ኪሎ ይሆናል፤ 15 ኪሎ በሚመዝን እስር 140 እስር። ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ሞላሰስ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ይቁሙ። የሞላሰስ እበት እንደ ሳሙና ስለሆነ የፉርጎውን ወለል ያንሸራትታል፤ በፍጥነት የሚቦካ መኖ የበላ ከብት ደግሞ ሲናጥ ሆዱ ይነፋል። ጨው አልሶ ውኃ በማስጠጣት ሚዛን መጨመር የሚባለውን የደላላ ዘዴ ከግቢያችሁ አስወጡ። ገዢው የሚመዝነው ከጉዞ በኋላ ነው፤ ከብቱ ግን በመንገድ ላይ በተቅማጥ ይከፍላል።

ስለ መክሳት የጠየቃችሁትም እዚህ ላይ ይመለሳል። ለአንድ ሙሉ ቀን ሳይበላና ሳይጠጣ የተጓዘ ከብት ከክብደቱ ከ6 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። 8 በመቶ ብንል ከ350 ኪሎ 28 ኪሎ ነው፤ በ350 ሰንጋ 10 ቶን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የመጀመሪያው ቅናሽ ሆድ ውስጥ የነበረ እበትና ውኃ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን በልቶ ይመልሰዋል። ጉዞው ሲረዝምና ሲያንገላታ ግን ከጡንቻው ራሱ ይቀንሳል፤ ያንን ለመመለስ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ባቡር የሚያተርፍላችሁ ካለ ይህ ሁለተኛው ነው። በሚሌና በጋላፊ የሚሄደው የመኪና መንገድ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኬላውና ጥምዝምዙም ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ቅናሽ ግን በባቡርም አይቀርም። ከገዢው ጋር የሚደረገው ውል የት፣ ከስንት ሰዓት ዕረፍት በኋላ እንደሚመዘን ካልተናገረ ባቡሩ ከመኪናው የተሻለ ሆኖ ሳለ እናንተ ትከስራላችሁ።

ራምፑ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፤ እግር የሚሰበረው እዚያ ነው። የፉርጎው ወለል ከሐዲዱ ራስ 1.1 ሜትር ከፍ ቢል፣ በደረጃ መልክ ከተሠራ 10 ሳንቲ የሚነሣ 30 ሳንቲ የሚረገጥ 11 እርከን፣ በድምሩ 3.3 ሜትር ይሆናል። ከጫፉ ላይ ቢያንስ 1.5 ሜትር ደልዳላ ይኑረው፤ ከብቱ ከመግባቱ በፊት አራት እግሩን ያሳርፋል። ከ20 ዲግሪ የበለጠ ቁልቁለት ላይ ከብት ይንበረከካል። መንጃ መስመሩ 70 ሳንቲ ስፋት ይኑረው፤ ከዚህ ከሰፋ ኮርማው መሀል ላይ ይዞርና መስመሩን ይዘጋል። ግድግዳው እስከ 1.6 ሜትር ድፍን ላሜራ ይሁን፤ ከብት ከጎኑ ሰውና መኪና ካየ አይራመድም። መድረኩና ፉርጎው መሀል ያለችው ክፍተት ትንሽ ብትመስልም ሰኮና የሚገባባት እሷ ናት። ጥርስ ያለው የ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ በማጠፊያ ተገጥሞ ፉርጎው ውስጥ እንዲያርፍ፣ በሁለቱ ጎን ክንፍ እንዲኖረው አድርጉ። የራምፑ አፍ ወደ ምዕራብ አይዙር፤ ከሰዓት በኋላ የሚጫን ከብት ፀሐይ ዓይኑን ከመታችው ይቆማል። ፉርጎው ውስጥ ደብዘዝ ያለ መብራት ብትሰቅሉ በራሱ ይገባል፤ ከብት ከብርሃን ወደ ጨለማ መግባት አይወድም።

አንድ ራምፕ አይበቃም። አንድ ፉርጎ ለመጫን 15 ደቂቃ፣ ቀጣዩን ገፍቶ ለማስተካከል 10 ደቂቃ ቢፈጅ 10 ፉርጎ ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ መጀመሪያ የተጫኑት ያንን ሁሉ ሰዓት አየር በሌለው ፉርጎ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁለት ራምፕ በልኩ የአንድ ፉርጎ ርዝመት ተራርቀው ቢሠሩ ሥራው በ2 ሰዓት ያልቃል። ርቀቱ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ባለው ልክ መሆን አለበት፤ የፉርጎውን በር መሀል ሳይለኩ የቆመ ራምፕ ሁለተኛው በር ፊት አይደርስም። ሲሚንቶ የሚፈሰው ፉርጎው በሜትር ከተለካ በኋላ ነው። የፉርጎው ወለል ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ አሸዋ አንጥፉ። ጭድ አታንጥፉ፤ ሲረጥብ ያዳልጣል፣ ሲደርቅ በፍንጣሪ እሳት ይይዛል።

በሽታው ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ይህች አገር የከብት ጉዞ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች፤ በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል በገባ ከብት የመጣው የደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀንን አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአፍሪካ ቀንድን ከብት ከልክላ እገዳው ዓመታት ቆየ። ስለዚህ በረታችሁ ኳራንቲን አይደለም፤ ኳራንቲኑን የጨረሰና ምስክር ወረቀት የያዘ ከብት ብቻ የሚገባበት ነው። ሁሉም አንድ ላይ ይገባል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል። አንድ ወረቀት የሌለው ሰንጋ ማታ በደላላ ልመና ከገባ የ349ኙ ወረቀት ዋጋ ያጣል። የአፍተግርና የጎሮርሳ ክትባት ከጉዞው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ይሰጥ፤ በመጫኛው ቀን የተወጋ ከብት ክትባቱ አልያዘለትም፣ መርፌው ግን አድክሞታል። ከጭነት በኋላ መጀመሪያ እበቱ ይዛቅ፤ 350 ከብት በቀን ወደ 7 ቶን እበትና ሽንት ይጥላል። ከዚያ ይታጠብ፣ ከዚያ በ4 በመቶ የልብስ ሶዳ ውኃ ይረጭ። እበት ላይ የተረጨ መድኃኒት እበቱን ብቻ ነው የሚያጥበው። ኮስቲክ ሶዳ የሚጠቀም ካለ ጓንትና መነጽር ያድርግ፤ ቆዳና ዓይን ይበላል። ግቢው እስከሚቀጥለው ባቡር ባዶውን ይድረቅ።

አቅጣጫውንም አስቡበት። የቦረና ከብት ወደ ሰሜን ወጥቶ አዳማ ይደርሳል፤ ለእሱ አዳማ ላይ መጫን ያስኬዳል። የሐረርጌው ግን ወደ ምዕራብ አዳማ መጥቶ በባቡር ተመልሶ በአገሩ ደጅ ያልፋል። የሐረርጌን ከብት ለጅቡቲ የምትገዙ ከሆነ ሚኤሶ ወይም ድሬዳዋ ላይ ጫኑ፤ አዳማ አታምጡት። በወዲያኛው ጫፍም ዋናው መስመር የሚገባው ናጋድ ነው፤ የከብት ኳራንቲኑ ያለው ግን ዳሜርጆግ የሚባል ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ለማድረስ እንደገና መኪና የሚያስፈልግ ከሆነ ባቡሩ የቆጠበላችሁ አንድ መጫንና አንድ ማራገፍ ተመልሶ ይመጣል። የናጋዱ ራምፕ የእናንተን ያህል ጥሩ ካልሆነ አዳማ ላይ ያፈሰሳችሁት ኮንክሪት ጥቅም የለውም።

ምክሬ ይህ ነው። ቦታውን አሁን በሊዝ አትያዙ። በዚህ ዓመት ያላችሁን ገንዘብ በየማድለቢያችሁ ጥሩ ራምፕ፣ የከብት ሚዛንና የምድብ ክፍሎች ለመሥራት አውሉት፤ ነገ ባቡር ባይመጣም የመኪናውን ጭነት ያሻሽላል። በእናንተ የሚሰበረው እግር አብዛኛው የራምፕ ጉዳይ ነው፤ ከቁልል አፈር ላይ ወደ አይሱዙ እየዘለለ የሚጫን ከብት ባቡር ስለመጣ አይድንም። በትይዩ ለባቡር ድርጅቱ የንግድ ክፍል አምስታችሁም ፈርማችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፍርግርግ ግድግዳ ያለው የከብት ፉርጎ ስንት እንደሚመደብ፣ የወለሉ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ፣ ሽቦ የሌለው ቅጥያ አዳማ ላይ የት እንደሚሰጥ፣ መነሻ ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን ይችል እንደሆነ፣ ናጋድ ላይ ማን እንደሚያራግፍ ይመለስላችሁ። በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ 10 ፉርጎ የሚያስይዝ የአንድ ዓመት ውል እጃችሁ ሲገባ 4,000 ካሬ ሜትሩን ያዙ፣ 12 ክፍልና ሁለት ራምፕ ሥሩ። ከዚያ በታች ከሆነ አትሥሩ።

የመጀመሪያው ባቡር ሲነሣ ከከብቱ ጋር የሚሄዱ ሁለት ሰዎች አብረው ይሂዱ። በየማቆሚያው በምድር ላይ ሆነው በባትሪ ብርሃን በፍርግርጉ በኩል የተኛ ካለ ይዩ፤ ጣሪያ ላይ አይውጡ። የሞተ ካለ የፉርጎ ቁጥሩን፣ ጣቢያውንና ሰዓቱን እዚያው ጽፈው የባቡሩን ኃላፊ ያስፈርሙ። የጆሮ ቁጥሩ ከፉርጎ ቁጥሩ ጋር የተመዘገበበት ወረቀት ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ በአዳማ ይቅር፣ አንዱ ከተጓዦቹ ጋር ይሂድ፣ አንዱ ናጋድ ለሚቀበለው ሰው ከባቡሩ በፊት ይድረስ።